የምክር ዓምድ፦ «አልጋውን ይዞ መጣ» አሉኝ

ውድ አዘጋጅ፣

ዕድሜዬ 53 ነው። አንቱ እንዳትሉኝ አደራ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ሃያ ዓመት ያህል ታክሲ ነዳሁ፤ ከዚያ ወደ ኡበር ዞርኩ። ወንበር ላይ ያለቀው ዕድሜ ጀርባዬን በላው። ዲስክ ነው አሉኝ። ሐኪሜ «ቁጭ ብለህ አትዋል፣ ተንቀሳቀስ» ሲለኝ ብስክሌት ገዛሁ። ልጅ ሆኜ ድሬዳዋ ከዚራ ላይ እየተከራየሁ ነድቼ ነው ያደግኩት። ግን ተራው ብስክሌት ያስጎነብሳል፤ ጀርባዬ አልቻለውም። በሳምንቱ ጋራዥ ውስጥ ተቀመጠ።

ከዚያ አንድ ሰው ጋደም ተብሎ የሚነዳ ያገለገለ ብስክሌት ሲሸጥ አገኘሁ። ወንበሩ መደገፊያ አለው። ፔዳሉ ከፊት ነው፤ እግር ወደ ፊት ተዘርግቶ ነው የሚመታው። መሪው ከወንበሩ ሥር ስለሆነ እጄ ከጎኔ ዝቅ ብሎ ነው የሚይዘው። ከሩቅ ለሚያይ ሰው አየር ላይ ተንጋልዬ የምሄድ ነው የሚመስለው። ስምንት ወር ሆነኝ። ጀርባዬ እንዲህ ሰላም ያገኘበትን ጊዜ አላስታውስም።

ችግሩ ሰው ነው። ወደ ማውንት ቨርነን በሚወስደው የብስክሌት መንገድ ላይ ፈረንጆቹ ያስቆሙኛል፣ ይስቃሉ፣ በስልክ ይቀርጹኛል። አንዲት አሮጊት ደግሞ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ ቃል በቃል እየለየች አናገረችኝ፤ አካል ጉዳተኛ መስያት ነው። ይሄን ችዬዋለሁ። የከበደኝ የራሴ ሰው ነው። ቡና የምንጠጣበት ካፌ በር ላይ ስደርስ ጓደኞቼ «አልጋውን ይዞ መጣ!» ይላሉ። ስሜም «መጻጉዕ» ሆኗል። አንዱ ቀርጾ ቴሌግራም ላይ ለቀቀው። በሦስተኛው ቀን እህቴ ከአዲስ አበባ እያለቀሰች ደወለች። «ሽባ ሆኗል አሉ፣ ለምን ደበቃችሁኝ?» ብላ። ባለቤቴን ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ሴቶቹ እጇን ይዘው «አይዞሽ» ይሏታል። «ወይ እኔ ወይ አልጋው» ልትለኝ ምንም አልቀራት። የ15 ዓመት ልጄ ትምህርት ቤቷ በር ላይ እንዳልደርስ ለምናኛለች።

ልሽጠው? ወይስ ሰው እስኪለምደው ልቻለው?

ተጋዳሚው፣ ከአሌክሳንድሪያ

*

ውድ ተጋዳሚው፣

አትሽጠው። ይህን አስቀድሜ ተናግሬ ልረፍ። ስምንት ወር ሙሉ ጀርባህን ያሳረፈልህን ነገር ቴሌግራም ላይ ለወጣ አጭር ቪዲዮ ብለህ አትለቅም። ይቅርታህን ልጠይቅና ደብዳቤህን ሳነብ ስቄአለሁ። እህትህ ጋ ስደርስ ግን ሳቄን ዋጥኩት። እዚያ ማዶ ሆና፣ ወንድሟን ተንጋሎ ሲሄድ በስልክ ያየች ሴት ምን ትበል? ወደ እሷ እመለሳለሁ።

መንገድ ላይ ከሚያገኙህ ልጀምር፤ እነሱ ቀላሎቹ ናቸው። መቼም ጥያቄያቸውን ሸምድደኸዋል። ይመቻል? አይከብድም? መሪው የታለ? መኪና ያይሃል? ከነዚህ ብዙም አይወጡም። ለመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ሳትቆም የምትመልሰው አጭር ቃል ይዘህ ውጣ። «ይመቻል።» «ዳገት ላይ ብቻ።» ለሦስተኛው እጅህን አንሥተህ ላሳይ እንዳትል፣ ትወድቃለህ። የሚቀርጹህንም አትቆጣ፤ አንተ ጥግ ሳትታጠፍ ሌላ ነገር መቅረጽ ይጀምራሉ። ቆመው ማውራት የሚፈልጉ ጡረተኞች ካጋጠሙህ ግን ጊዜ ስጣቸው። ከመካከላቸው እንዳንተ ያለ ብስክሌት ያለው ወይም የነበረው አይጠፋም። የአንተ ካቴና ከተራው ብስክሌት ካቴና ሁለት እጥፍ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይረዝማል። ሲላላ ወይም ሲበጠስ የሰፈር ጠጋኝ ሁሉ ደፍሮ አይነካውም። ያን ቀን የአንዱ ሽማግሌ ስልክ ቁጥር ኪስህ ውስጥ ቢኖር ደስ ይልሃል።

አራተኛውን ጥያቄ ግን ከፌዝ ጋር አትደምረው። «መኪና ያይሃል?» ያለህ ሰው እውነቱን ነው። ጭንቅላትህ ከመኪና መስኮት እኩል ወይም ዝቅ ያለ ነው። ከቆመ ፒክአፕ ጀርባ ስትሆን ጨርሶ አትታይም። ሃያ ዓመት መሪ ይዘሃል፤ መስቀለኛ መንገድ ላይ ሾፌር ምን እንደሚያይና ምን እንደሚያልፈው ከእኔ በላይ ታውቃለህ። ስለዚህ ረጅም ዘንግ አቁምና ባንዲራ ስቀልበት። ቀንም ቢሆን መብራት አብራ። ስፖኪዮ ግጠም፣ ተጋድሞ ወደ ኋላ መዞር አይመችምና። ባንዲራን ካነሣን አይቀር፣ የትኛውን እንደምትሰቅል ተጠንቀቅ። አንተ ያለህበት አገር ውስጥ፣ በእኛ ሰዎች መካከል፣ ባንዲራ የሚያስነሣውን ጭቅጭቅ ታውቀዋለህ። ጀርባህ ያንን አይችልም። ብርቱካናማ ጨርቅ ይበቃል።

ቃል እየለየች ያናገረችህ አሮጊት ላይ ትንሽ ልቆይ። እንዳስከፋችህ ከደብዳቤህ ይታያል። ግን ምን አድርጋለች? አዝናልሃለች። እንዲህ ያለውን መቀመጫ እግራቸው ወይም ወገባቸው የተጎዳ ሰዎች በእርግጥ ይጠቀሙበታል። ሦስት ጎማ ያለው አለ፤ በእጅ የሚዘወርም አለ። «እኔ በሽተኛ አይደለሁም!» ብለህ ብትጮህ የምትሰድበው እሷን አይደለም፤ ከኋላህ በእጁ እየዘወረ የሚመጣውን ሰው ነው። ሰላምታዋን በሙሉ ዓረፍተ ነገር መልስላት። አየሩ ደስ ይላል በላት። ከዚያ እለፍ። የቀረውን ራሷ ትገምታለች።

ደግሞስ እኛ ማን ነን? እኔ ያደግኩት አስፋልት ዳር ነው። ፈረንጅ በብስክሌት ሲያልፍ የሰፈር ልጅ ሁሉ መጽሐፉንም ከብቱንም ጥሎ «ዩ! ዩ! ዩ!» እያለ ይከተል ነበር። እኔም ሮጫለሁ። ዳገቱ ላይ ደርሰንበት ኮርቻውን የነካ ልጅ ሳምንቱን ሙሉ ጀግና ነበር። ያ ሰው ምን ያህል ተሳቆ እንደሚሄድ አስበን አናውቅም። ክፋትም አልነበረብንም፤ እንዲህ ያለ ነገር አይተን ስለማናውቅ ነው። አሁን ዞሮ በአንተ ደረሰ። የሚከተልህ ልጅ ስለሌለ ብቻ አመስግን።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ካፌው በር።

ደብዳቤህን ሁለተኛ ጊዜ ሳነብ አንድ ነገር ገረመኝ። ፈረንጆቹ «ይመቻል?» ነው የሚሉህ። የእኛ ሰው ግን «ምን ሆነህ ነው?» ይላል። ሁለቱም ያዩት አንድ ብስክሌት ነው። ልዩነቱ የመጣው ከቋንቋችን ይመስለኛል። በአማርኛ ሰው «ተኛ» ከተባለ ሆስፒታል ገብቷል ማለት ነው። «አልጋ ላይ ዋለ» ከተባለ ድንኳን ለመትከል የሚያስብ ዘመድ አለ። በጠራራ ፀሐይ፣ በአደባባይ፣ የ53 ዓመት ጎልማሳ ተጋድሞ ሲታይ ጆሯችን ቀድሞ የሚሰማው በሽታን ነው። ዓይናችን ከዚያ በኋላ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ ጓደኞችህ «መጻጉዕ» ሲሉህ ግማሹ ቀልድ፣ ግማሹ ደግሞ ፍርሃት ነው። አብዛኞቹ እንዳንተው ሾፌር ናቸው፤ እንዳንተው ጀርባቸውን ያማቸዋል። አንተ ላይ ያዩት የራሳቸውን ነገ እንዳይሆን ይፈራሉ።

ይህን ለእነሱ አትንገራቸው። አይሰሙህም፤ ቡናውንም ታበላሽባቸዋለህ። በገዛ ቃላቸው ብትመልስላቸው ይሻላል። አማርኛ ለአልጋ ደግ ነው። «አልጋውን ይዞ መጣ» ሲሉህ «አዎ፣ ከቤት እስከዚህ አልጋ በአልጋ ነው የመጣሁት» በላቸው። «መጻጉዕ» ሲሉህ «አልጋ ወራሽ በሉኝ» በላቸው። አንድ ሳምንት ሳትናደድ፣ ሳትኮሳተር ይህን ከመለስክ ስሙ ይቀየራል። መጠሪያ የሚጣበቀው ሲያናድድ ነው። ልጅ ሆነህም ታውቀዋለህ።

አንዱ ደግሞ «የሽማግሌ ወንበር» ማለቱ አይቀርም። ለእሱ የሚሆን ታሪክ ልስጥህ።

በ1930ዎቹ መጀመሪያ፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ሻርል ሞሼ የሚባል ፈረንሳዊ ነበር። ለልጁ በፔዳል የሚሄድ ትንሽ መኪና ሠርቶ ነው የጀመረው። ኋላ ሐሳቡን ወደ ሁለት ጎማ አወረደውና ጋደም ተብሎ የሚነዳ ብስክሌት ሠራ። የሚነዳለት ሰው ፈለገና ፍራንሲስ ፎር የሚባል ተወዳዳሪ አገኘ። ፎር ከአንደኛው ተርታ የሚቆጠር ጋላቢ አልነበረም። ውድድር ላይ ሲያዩት ሌሎቹ እንደሳቁበት፣ ሊተኛ ነው ብለው እንደቀለዱበት ይነገራል። እዚያም ካፌ ነበር ማለት ነው። ያኔ በአንድ ሰዓት ውስጥ ብዙ ርቀት የመሄድ ክብረ ወሰን የስዊዙ ኦስካር ኤግ ነበር፤ 44.247 ኪሎ ሜትር። ከ1914 ጀምሮ ማንም አልነካውም። በሐምሌ 1933 ፎር ፓሪስ ውስጥ ተጋድሞ 45.055 ኪሎ ሜትር ሄደ። የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱን ክብረ ወሰን ሁለተኛ ተርታ የሚባል ሰው በጀርባው ተኝቶ ሰበረው።

ምን ሆነ መሰለህ? ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር በ1934 ተሰብስቦ ብስክሌት ማለት ምን ማለት እንደሆነ በመለኪያ ደነገገ። የሞሼ ብስክሌት ከመለኪያው ውጭ ሆነ። ሞሼም በዚያው ዓመት ሞተ። ከዚያ ወዲህ በትልልቅ ውድድሮች ላይ ተጋድሞ የሚነዳ ሰው አይታይም። ውድድር ላይ የማይታይ ብስክሌት ፋብሪካ ውስጥ አይበዛም፤ ፋብሪካ ያላበዛውን ዓይን አይለምደውም። ለዚህ ነው ዛሬ አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንተን ቆመው የሚያዩህ። ፍጥነቱ ግን አልጠፋም። በ2016 ኔቫዳ በረሃ ውስጥ ቶድ ራይከርት የሚባል ካናዳዊ እንደ እንቁላል ቅርፊት ባለ ልባስ በተሸፈነ ብስክሌት ውስጥ ተጋድሞ በእግሩ ጉልበት ብቻ በሰዓት 144 ኪሎ ሜትር ደርሷል። ኡበር እየነዳህ በዚያ ፍጥነት ብትሄድ ፈቃድህን ይወስዱብሃል።

ምሥጢሩ ነፋስ ነው። ቀጥ ብሎ የተቀመጠ ሰው ደረቱን ለነፋስ ይሰጣል። የተጋደመ ሰው ለነፋሱ የሚያሳየው ጫማውን ነው ማለት ይቻላል።

ሐቀኛ እንሁን፤ ሌላውንም ጨምረህ ንገራቸው። ዳገት ላይ ተራው ብስክሌት ይበልጥሃል። እሱ ቆሞ በክብደቱ ይረግጣል፤ አንተ ትልቁን ማርሽ ትተህ ቀስ እያልክ ማሽከርከር እንጂ መቆም አትችልም። የትራፊክ መብራት ላይ ቆሞ መነሣትም ልምምድ ይጠይቃል። ይህን ራስህ ቀድመህ ከተናገርክ የሚተቹህ ሰዎች የሚይዙት ያጣሉ።

ከታሪክ ሁሉ የሚበልጥ አንድ ዘዴ ደግሞ አለ። ከጓደኞችህ መካከል ድምፁ ከፍ ያለውን ምረጥ። ቪዲዮውን የለቀቀው ከሆነ የተሻለ። ከካፌው ጀርባ ባዶ የመኪና ማቆሚያ ይኖራል። «ቁጭ በልበት» በለው። እምቢ ካለ ሌሎቹ ይገፉታል፤ ጓደኞችህን የማውቃቸው ያህል ይሰማኛል። ሄልሜትህን አድርግለት። ማርሹን ዝቅ አድርግለት። ከኋላ ወንበሩን ያዝለትና «መሪውን አትጨብጠው፣ ለቀቅ አድርገህ ያዘው» በለው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሜትሮች ላይ እንደ ሰከረ ሰው ይወላውላል። እኔም ሞክሬው አውቃለሁ። የመኖሪያ ቤት አጥር ከሆነ ቁጥቋጦ ውስጥ ነው የገባሁት። መሬቱ ቅርብ ስለሆነ ከኩራቴ በቀር የተጎዳ ነገር አልነበረም። ሦስተኛው ሙከራ ላይ ብስክሌቱ ቀጥ ይላል። ያኔ ፊቱን እየው። ሃያ ዓመት የታጠፈ ጀርባ ድንገት መደገፊያ ሲያገኝ ፊት ላይ ይታወቃል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠበቃህ እሱ ነው። አንድ ነገር ብቻ፣ ይህንንም እንዳይቀርጹት አድርግ። አንተ የደረሰብህን በሌላ ላይ አትድገም።

ባለቤትህን በተመለከተ ትንሽ ልቆጣህ ነው።

ለእኔ በጻፍከው ደብዳቤ ውስጥ እሷ ሁለት መስመር አግኝታለች። ግን አስበው፤ መንገድ ላይ የሚያዩህ አንተን በነፋስ ፍጥነት ያልፉሃል። እሷ ግን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆማ፣ እጇን ተይዛ፣ «አይዞሽ» ትባላለች። ማምለጫ የላትም። ይሉኝታውን ተሸክማ የምትውለው እሷ ናት። ምን ብላ እንደምትመልስ ነግረሃት ታውቃለህ? «ደህና ነው እኮ» ስትል የደበቀች ይመስልባታል። ዝም ስትል ያረጋገጠች ይመስልባታል። እንግዲህ የምትናገረው ነገር ስጣት። የዲስክ ሕመም እንዳለብህ፣ ሐኪምህ ተንቀሳቀስ እንዳለህ፣ ይህ ብስክሌት እንደተስማማህ ለሰው ብትናገር ቅር እንደማይልህ ንገራት። ወንዶች ጀርባችንን እንደሚያመን መናገር አንወድም። አንተም ሳትናገር የቆየህ ይመስለኛል፤ ክፍተቱን ወሬ ሞላው። እውነቱ ቢነገር ከሽባነት ወሬ በብዙ ይቀላል።

ለጊዜው ደግሞ እሑድ ቅዳሴ በብስክሌቱ አትሂድ። አዎ፣ ይሄን ያልኩት እኔው ነኝ። መብትህ ነው፤ ግን ነጠላ ለብሰህ ተጋድመህ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ስትገባ የምትከፍለው እሷ ናት። አንድ ሁለት ወር ታገሥ። በዚያው መሐል ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አብረሃት ወደ ወንዙ ውረድ። እሷ ተራ ብስክሌት ትከራይ ወይም በእግሯ ትሂድ፣ አንተ ቀስ በል። አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ያለውን ሣር ታውቀዋለህ፤ አውሮፕላኖቹ ጭንቅላት ሊነኩ የሚመስሉበት። እዚያ ተቀመጡ። ሕመም የሌለበትን ሰው ፊት ሳታየው አትቀርም። ባሏን ተንጋሎ ሲሄድ ሌሎች አይተውታል፤ እሷ ግን ሲነሣ፣ ወገቡን ሳይዝ ቀጥ ብሎ ሲቆም ትይ።

ልጅህን ተዋት። 15 ዓመቷ ነው። በዚያ ዕድሜ አባት በአዲስ መርሴዲስ ቢመጣም ያሳፍራል። የእኔ አባት አንድ ቀን ጋቢውን ተከናንቦ ትምህርት ቤት መጥቶ፣ ያውም የረሳሁትን እርሳስ ሊያቀብለኝ፣ አጥር ጥግ ተደብቄ ሌላ ልጅ ልኬ ተቀብያለሁ። ዛሬ ያ ጋቢ ቤቴ ነው ያለው። ትምህርት ቤቷ በር ላይ አትድረስ፣ ቃል ግባላት፣ ቃልህንም ጠብቅ። የምታግባባበት ንግግርም አታዘጋጅ። ብስክሌቱን ጋራዥ ውስጥ ቁልፉን ሳትቆልፍ ተወው። ማንም ሳያያት አንድ ቀን ትሞክረዋለች ብዬ እገምታለሁ። ጎማው ላይ አዲስ ጭረት ካየህ አትጠይቃት።

አሁን ወደ እህትህ። እሷ ናት በእርግጥ የተጎዳችው፤ አንተ ግን «ደህና ነኝ እኮ» ብለህ ስልኩን እንደዘጋህ እጠረጥራለሁ። አዲስ አበባ ሆኖ ለሚሰማ ሰው «ደህና ነኝ» የሚል ድምፅ ምንም አያረጋግጥም። መርዶ እንዴት እንደምንነግር እናውቃለን፤ መጀመሪያ ሁልጊዜ «ደህና ነው» ነው የምንለው። ስለዚህ ዛሬ ማታ፣ እዚያ ሲነጋ፣ ደውልላት። ካሜራውን ክፈት። ብስክሌቱን ከጎንህ አቁመው፤ ወንበሩን፣ ፔዳሉን፣ ከሥር ያለውን መሪ አሳያት። «መሪው የታለ?» ማለቷ አይቀርም። ለእሷ ግን ሰፋ አድርገህ መልስላት። ሙሉውን ጊዜ ቆመህ አናግራት።